ጥምቀትን ከኩዌከሮች ጋር፦ የሞንቴቬርዴ ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. – ሳን ሆሴ

እማዬን በጥምቀት ሰሞን ከሲልቨር ስፕሪንግ ማስወጣት ቀላል አልነበረም። የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰኞ ስለሚውል ከሥራዬ ረዘም ያለ ፈቃድ አገኘሁ። ከተራው ግን ቅዳሜ፣ ጥምቀቱ እሁድ ነበር። "ታቦት በማይወርድበት አገር ምን ልሠራ ነው የምትወስጅኝ?" አለችኝ። ያሸነፍኳት በደኑ ነው። እማዬ ያደገችው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ደን ብቻ የቀረበት ደብር ነው የነሱ። ኮስታ ሪካ ተራራ ላይ ለምንጫቸው ብለው ደን የከለሉ፣ ጦርነት አንዋጋም ብለው አሜሪካን ጥለው የወጡ ክርስቲያኖች አሉ ስላት "መነኮሳት ናቸው?" ብላ ጠየቀች። አይደሉም፤ ላም አልበው፣ አይብ ሠርተው ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ናቸው።

ሳን ሆሴ የገባነው በምሽት ነው። የእንግዳ ማረፊያው አድራሻ "ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ምዕራብ፣ ቢጫው በር" የሚል ነበር። ባለታክሲው አልተደናገረም። እማዬም አልተደናገረችም፤ አዲስ አበባ የኖረ ሰው በቤት ቁጥር አይሄድም። ዋጋው ግን እንደጠበቅነው አልነበረም። ኮስታ ሪካ ርካሽ ናት ያለኝ ሰው የሄደው በጣም ድሮ መሆን አለበት፤ ሱፐርማርኬቱ ከሜሪላንድ ብዙም አይለይም።

ዓርብ፣ ጥር 9 – ወደ ተራራው

የሳንታ ኤሌና አውቶቡስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ለአንድ ሰው 3,000 ኮሎን ገደማ ከፈልን፤ ወደ 6 ዶላር ይሆናል። ከሳን ራሞን በኋላ ያለው ቁልቁለት የሊማሊሞን ያህል ባያስፈራም ሾፌሩ ግን እንደ ሊማሊሞ ሾፌር ነው የሚነዳው፤ እማዬ ሁለት ጊዜ አማተበች። ፓስፊክ ዳር ያለው ቆላ ከደረስን በኋላ ወደ ቀኝ ተገንጥለን በጓሲማል በኩል ሽቅብ ጀመርን።

ይህ መንገድ ለረጅም ዘመን ኮረኮንች ነበር። አስፋልት እስከ ሳንታ ኤሌና የደረሰው በቅርብ ዓመታት ነው። ከተራራው ነዋሪዎች መንገዱ እንዲያ ቢቀር ደስ የሚላቸው ነበሩ፤ ኮረኮንቹ ጎብኚውን ይመጥንላቸው ነበር። ለእኛ አውቶቡስ ግን አስፋልቱም አልጠቀመው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የራዲያተሩ ውሃ ፈላና ቆመ። ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ተሰለፍን። ከታች የኒኮያ ባሕረ ሰላጤ ከነደሴቶቹ ወለል ብሎ ይታያል። ከየት እንደመጣች ያላየናት ሴት ጥሬ ማንጎ ከትፋ፣ ጨውና ሎሚ ነስንሳ በላስቲክ ትሸጥ ጀመር። ሾፌሩ በጀሪካን ውሃ እየሞላ፣ እየጠበቀ፣ እንደገና እየሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደበት። ማንም አላጉረመረመም። እኛም ማንጎውን ደገምን።

ሳንታ ኤሌና ምሳ በላን። "ሶዳ" የሚሏቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የሁሉም ዋና ምግብ "ካሳዶ" ነው፦ ሩዝ፣ ጥቁር ቦሎቄ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ሰላጣና ሥጋ። ዓርብ ስለሆነ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አረጋገጠች፤ ለሁለታችን 7,000 ኮሎን ከፈልን። እማዬ ቦሎቄውን ቀምሳ "ሽንኩርት ሳያይ ነው የበሰለው" አለች። ቢሆንም ጨረሰችው።

ሳንታ ኤሌና ራሷ አላስደሰተችኝም። በየአጥሩ በገመድ ተንጠልጥሎ ደን ላይ ስለመብረር የሚያስተዋውቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ጎዳናውም የጎብኚ ሚኒባስ ብቻ ነው። ያረፍንባቸው አሮጊት ኩዌከር በድሮ ቶዮታ መጥተው ወደ ላይ ወሰዱን። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደወጣን ሰሌዳው አለቀ። መንገዱ በግጦሽና በዛፍ መካከል ገባ፤ ንፋሱና ካፊያው ጀመረ። ቦታው 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እንደ አዲስ አበባ ከፍ ያለ ባይሆንም በጥር ንፋስ የእንጦጦን ብርድ ያስታውሳል፤ ማታ ጋቢ ፈለግን።

ከእራት በኋላ የቤቱ ባለቤት፣ አሮጊቷ፣ ታሪኩን አጫወቱን። ኩዌከሮች፣ እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት "ወዳጆች" ብለው ነው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በጆርጅ ፎክስ ስብከት የተነሱ ናቸው። የጦር መሣሪያ አያነሱም። በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) አላባማ ውስጥ ፌርሆፕ የሚባል ቦታ የነበሩ አራት ወጣቶች ለወታደራዊ ምልመላ አንመዘገብም ብለው የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደባቸው፤ ጥቂት ወራት ታስረው ተፈቱ። ኮስታ ሪካ ደግሞ በታኅሣሥ 1948 ሠራዊቷን አፍርሳ ነበር። አሥራ አንድ ያህል ቤተሰብ፣ በጠቅላላው 44 ሰው፣ ከብቱንና እርሻውን ሸጦ ወጣ። በ1951 እዚህ ተራራ ላይ 1,400 ሄክታር ገደማ ገዙ።

"በጋሻ ስንት ነው?" አለች እማዬ። ሠላሳ አምስት ጋሻ። "ያው የአንድ ባላባት መሬት ነዋ!" ለባለቤቷ ተረጎምኩላቸው፤ ሳቁና "ባላባት ሳይኖረን ነው የተከፋፈልነው" አሉ። ከዚያ ውስጥ 554 ሄክታሩን፣ ማለትም የጓሲማል ወንዝ የሚመነጭበትን ጫፍ፣ ማንም እንዳይነካው ለብቻ አስቀመጡት። ስለ ብርቅዬ ወፍ ያሰበ አልነበረም ይላሉ ሴትዮዋ። ከላይ ያለው ደን ከተመነጠረ የሚጠጡትም ኃይል የሚያመነጩበትም ውሃ እንደሚደርቅ ገበሬ ስለሆኑ አወቁ፤ በቃ።

ቅዳሜ፣ ጥር 10፣ ከተራ – ደኑ

ቁርስ ገሃድ ስለሆነ ጋሎ ፒንቶ ብቻ፤ ሩዝና ቦሎቄ አብሮ የተጠበሰ፣ ኮሪያንደር ያለበት። ይኼኛው ሽንኩርት አይቷል። ቡናው የሚወጣው በጨርቅ ከረጢት ነው። በእንጨት ማስቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ፍል ውሃ ከላይ ይፈስበታል። እማዬ ቀምሳ መልካም ነው አለችና "ቶናውስ?" ብላ ጠየቀች። ባለቤቷ ቶና በረካ የሚባለውን ሲሰሙ በዚያው ከረጢት ላይ እንደገና ውሃ አፈሰሱላት። እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ጠጣችው።

የሞንቴቬርዴ የደመና ደን ጥብቅ ስፍራ መግቢያው ለውጭ ሰው ወደ 30 ዶላር ይጠጋል፤ አስጎብኚ ለብቻ ነው። ጥብቅ ስፍራው በ1972 የተቋቋመ ሲሆን የሚያስተዳድረው የኮስታ ሪካ የሐሩር ክልል ሳይንስ ማዕከል ነው። የኩዌከሮቹም 554 ሄክታር አብሮ ይጠበቃል።

ደመናው ዝናብ ሆኖ አይወርድም፤ በዛፎቹ መካከል ያልፋል፤ ቅጠሉ ያጠልለዋል፤ ከዚያ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በአናናስ መሰል ቅጠሎች፣ በኦርኪድ፣ በእርጥብ የዛፍ ሽበት ተጭኖ ዛፉ የትኛው እንደሆነ አይለይም። እማዬ አንዱን ግንድ በእጇ ስትነካው ጣቷ እስከ መሐሉ ገባ፤ ሽበት ነው እንጂ ቅርፊቱ ገና ከውስጥ ነው። ጨመቀችው፣ ውሃ ፈሰሰ። አስጎብኚው ከላይ ወደታች አድጎ ሌላውን ዛፍ አንቆ የገደለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍ አሳየን። የዋርካ ዘመድ ነው። ኬትሳል የሚባለውን ወፍ አላየንም፤ ወሩ ገና ነው አለን። ላ ቬንታና የሚሉት ጫፍ ላይ አንድ እግር ወደ አትላንቲክ፣ አንድ እግር ወደ ፓስፊክ ተፋሰስ አድርጎ መቆም ይቻላል ይባላል። እኛ ንፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው እንጂ ሌላ ነገር አላየንም፤ ነጭ በነጭ ነው።

በአንድ መንገድ ላይ የዊልፎርድ ጊንደን ስም ተሰጥቷል። ከታሰሩት አራት ወጣቶች አንዱ እሱ ነው። ተራራው ላይ ሞተር መጋዝ ይሸጥ ነበር፣ ራሱም ደን ይመነጥር ነበር፤ በኋላ የጥብቅ ስፍራው የመጀመሪያ ጠባቂ ሆነ፤ በ2016 አረፈ። ይህን ክፍል ወደድኩት። ስለነዚህ ሰዎች የሚነገረው ከመጀመሪያው ቅዱሳን እንደነበሩ ነው። ነገር ግን ግጦሹ ሁሉ ደን ነበር፤ የመነጠሩትም እነሱና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ከለላውን ከመጋዙ ጋር አብረው ነው የያዙት።

የሚያሳዝነው ወሬ የወርቃማው እንቁራሪት ነው። ወንዱ እንደ ብርቱካን የሚያበራ፣ ከዚህ ተራራ ጫፍ በቀር በዓለም ላይ የትም ያልነበረ ፍጡር። በ1987 ከ1,500 በላይ ታይቷል። በ1989 አንድ ብቻ ታየ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም፤ በ2004 ጠፍቷል ተባለ። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስና የአየር ንብረቱ መለወጥ በምክንያትነት ይነሳሉ። በበጋ ደመና የማይነካቸው ቀናት ከ1970ዎቹ ወዲህ በዝተዋል። ደኑ አንድ ዛፍ ሳይጎድልበት ነው እንቁራሪቱ የጠፋው። አጥር መሬት ይጠብቃል፤ ደመናው ግን የሚመጣው ከካሪቢያን ባሕር ነው፤ ባሕሩን የሚያሞቀው ደግሞ እኛ የመጣንበት አውሮፕላን ጭምር ነው። ይህን ሳስብ የመግቢያውን 30 ዶላር ማማረሬን ተውኩ።

ማታ እማዬ ድፎ ዳቦ ልጋግር አለች። ነገ ጥምቀት ነው፤ ባዶ እጅ ጸሎት ቤት አይኬድም። እርሾና ዱቄት ከሳንታ ኤሌና ገዝተን ነበር፤ ጥቁር አዝሙዱን ከቤት በላስቲክ ይዛ መጥታለች። ባለቤቷ ከጓሮ የሙዝ ቅጠል ቆርጠው አመጡ። ቅጠሉን እሳት ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጋ አለሰለሰች፤ መጥበሻው ውስጥ አነጠፈች፤ ሊጡን ገልብጣ በቅጠል ከደነች። ልክ ምድጃው ውስጥ ስንከተው ንፋሱ መብራቱን አጠፋው፤ መንደሩ በሙሉ ጨለመ። ምድጃው በጋዝ ስለሚሠራ ተረፍን። በሻማ ብርሃን ተቀምጠን የሙዝ ቅጠሉ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ባለቤቷ ደጋግመው "ይህን ማን አስተማረሽ?" ይላሉ፤ እማዬም "እናቴ ናታ፣ ማን ያስተምረኛል?" ትላለች።

እሁድ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት – ጸሎት ቤቱ

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የወዳጆች መሰብሰቢያ ከትምህርት ቤታቸው ጋር ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንደ መንደሩ በ1951 የተጀመረ ነው። የእንጨት ቤት፣ ሰፋፊ መስኮት፣ ፊት ለፊት የተያዩ አግዳሚ ወንበሮች። መስቀል የለም፣ ሥዕል የለም፣ መድረክ የለም። እማዬ ምሥራቁን ፈልጋ ወደዚያ ዞራ ተቀመጠች።

ቄስ የላቸውም። ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚናገረው ነገር እንደተሰጠው የሚሰማው ሰው ይነሳና ይናገራል፤ ከሌለ ሰዓቱ በዝምታ ያልቃል። ያን ጠዋት ከብዙ ዝምታ በኋላ አንዲት ሴት ተነስታ ከእርሻዋ በላይ እየተሠራ ስላለ ግንባታ ተናገረች። ምንጩን ይነካል ብላ ትሠጋለች፤ ጎረቤቷን ያለ ቁጣ ማናገር እንድትችል ጸሎት ለመነች። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ማንም አልመለሰላትም። ከመስኮቱ ውጭ አጉቲ የሚሏት ጅራቷ የማይታይ እንስሳ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ፍሬ ትፈለፍላለች፤ እማዬ ዓይኗን ከሷ ላይ አልነቀለችም።

አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን አንድ ሰው ጎረቤቱን ጨበጠ፤ ሁሉም ተጨባበጠ፤ አለቀ። "ማን ባረከ?" አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ። ማንም። "ሳይባረክ ነው የምንወጣው?" ለባለቤቷ ነገርኳቸው። "ሁላችንም ተባርከናል ብለን እናምናለን" አሉ። እማዬ አላመነችበትም፤ ግን ጨበጠቻቸው።

ምሳ ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይመጣል። ይህን ያለ ማብራሪያ ገባት፤ ሰንበቴ ነው። ድፎው በመጀመሪያ አለቀ። የኩዌከሮቹን አይብ ጥምቀት ስለሆነ እሷም በላች። የጠየቋትን ሁሉ በኔ በኩል መለሰች፦ ታቦቱ በዋዜማው ወደ ውሃ እንደሚወርድ፣ ሕዝቡ እዚያው እንደሚያድር፣ ሲነጋ ውሃው ተባርኮ እንደሚረጭ። ከዚያ ጥያቄው ወደ እነሱ ዞረ። ኩዌከሮች በውሃ አያጠምቁም፤ ጥምቀት የልብ ነው ይላሉ። እማዬ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ሰባ ዓመት ሙሉ ውሃውን ጠብቀው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተጠመቁበትም?"

ስተረጉም ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቆይተው "ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉ፤ አልመለሱም።

ስለ ውሳኔ አሰጣጣቸውም ጠየቅሁ። ድምፅ አይሰጡም። ጉዳዩ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ይናገራል፤ በመካከል ዝም ይላሉ፤ ጸሐፊው የስብሰባው አሳብ ይህ ነው ብሎ ያነባል፤ አንድ ሰው ከልቡ ከተቃወመ ይቆያል። አንዳንድ ነገር ዓመታት ይፈጃል አሉ። ሽምግልና እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ በእኛ ሽማግሌው ዝም ሲል ቡና ይቀርባል።

ሰኞ፣ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

አይብ ፋብሪካውን አየን። ወተቱ በዚያ ኮረኮንች ሲወርድ ስለሚበላሽ በ1953 አይብ መሥራት ጀመሩ፤ ከጎረቤት ኮስታ ሪካውያን ገበሬዎች ጭምር ወተት እየገዙ። በ2013 ለሜክሲኮ ኩባንያ ተሽጧል። ዛሬ የመንደሩ እንጀራ ጎብኚ ነው። ባለቤቷ ስለዚህ ሲያወሩ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ግን የእንግዳ ክፍላቸውን የሚያከራዩትም እሳቸው ናቸው፣ ራሳቸውም ያውቁታል።

ከሰዓት በኋላ የልጆች ዘላለማዊ ደን የሚባለውን በዳሩ አየነው። በ1987 በስዊድን ገጠር ያሉ ተማሪዎች ደኑ እየተሸጠ መሆኑን ሰምተው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ከብዙ አገር ልጆች ተቀላቀሏቸው፤ ዛሬ ከ22,000 ሄክታር በላይ ነው። እማዬ ይህን ከሁሉም በላይ ወደደችው። "ልጆች ገዙት?" እያለች እስከ ማታ ደገመችው።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ማክሰኞ ዝናብ ነበር፤ ካርታ ተጫወትን። ረቡዕም የወዳጆች ስብሰባ አለ። እኔ ልተኛ አስቤ ነበር፤ እማዬ ለብሳ ቀሰቀሰችኝ። ሰው ጥቂት ነበር፤ የተናገረም አልነበረም። ስንወጣ "ዛሬስ እንዴት ነበር?" አልኳት። "ዳዊቴን በልቤ ጨረስኩ፤ ማንም አላቋረጠኝም" አለች።

ከዚያ ለባለቤቷ ስለ ደብራችን ደን ነገረቻቸው። ጥድና ወይራው በከብት እየተረገጠ፣ ችግኝ እየጠፋ ዳሩ በየዓመቱ ይሸሻል። የደን ምሁሩ ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ማገዛቸውን እኔ ጨመርኩ፤ ካቡ ከብት ያግዳል፣ ውስጡ ችግኝ ይነሳል። ሴትዮዋ ወረቀት አውጥተው ጻፉት። "ድንጋዩ ከየት ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። ከማሳው፤ ገበሬው ሲያርስ የሚለቅመው ነው። ይህ በጣም አስደሰታቸው፤ ያው እሳቸውም ገበሬ ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 15 – ወደ ቤት

የመልሱ አውቶቡስ ምንም አልሆነም። ቁልቁለቱ ላይ እማዬ ስታሰላ ቆይታ "በእኛ ደብር መግቢያ 30 ዶላር ቢያስከፍሉ ቆርቆሮው ሁሉ ይታደስ ነበር" አለች። ማን ይመጣል አልኳት። "አንቺ እዚህ ድረስ መጣሽ አይደል?"

ሳን ሆሴ አየር ማረፊያ፣ የመሳፈሪያ በራችን ገና ሳይከፈት፣ ስልኬን ተቀብላ ደብረ ታቦር ደወለች። የደብሩ አለቃ እንቅልፍ ላይ ነበሩ፤ እዚያ ሌሊት ነው። ይቅርታ ሳትጠይቅ "አባ፣ ዙሪያውን ካብ ለማስካብ ስንት ይፈጃል?" አለቻቸው። ድንጋዩ እንዳለ፣ የቀን ሠራተኛ ሂሳቡን ሲነጋ አስልተው በቴሌግራም እንደሚልኩላት ነገሯት።